ማስተካከያ፦ ከግል መድኃኒት ቤት የተገዛ መድኃኒት ወጪ ስለሚመለስበት ሁኔታ

ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ባለፈው ባወጣሁት ጽሑፍ፣ አባል የሆነ ሰው ከየትኛውም የግል መድኃኒት ቤት የገዛበትን ደረሰኝ ካቀረበ ገንዘቡ እንደሚመለስለት ገልጬ ነበር። ይህ ስሕተት ነው።

በመድኑ የአሠራር መመሪያና ወረዳዎች ከጤና ተቋማት ጋር በሚገቡት ውል መሠረት፣ የሚሸፈነው ውል በገባው ጤና ጣቢያ፣ ወይም ታካሚው በሪፈር በተላከበት ሆስፒታል ታዝዞ ከዚያው ከተቋሙ መድኃኒት ቤት የሚሰጠው መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ እዚያ ከታጣ፣ ታካሚው ወደ ውጭ ከመውጣቱ በፊት አለመኖሩን በማዘዣው ላይ አስጽፎ ማኅተም ማስደረግና ውል ያለው ሌላ መድኃኒት ቤት መኖሩን መጠየቅ ይኖርበታል።

በደቡብ ወሎ የሚገኘው ተሁለደሬ ወረዳ፣ መድኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ እንደመሆኑ፣ ጠይቆ ማረጋገጥ የሚቻልበት ሰው በቅርቤ ነበር፤ ሳላረጋግጥ መጻፌ ጥፋቴ ነው። ጽሑፉን አምነው ደሴ ላይ የደም ግፊት መድኃኒት የገዙ አንዲት የሐይቅ ከተማ እናት፣ በመቀነታቸው ቋጥረው ያመጡት ደረሰኝ ማኅተም ያለው ማዘዣ ስላልተያያዘበት ተቀባይነት አላገኘም። እሳቸውንም ሆነ በዚህ ምክንያት ወጪ የደረሰባችሁን ሁሉ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በየወሩ መድኃኒት የምትወስዱ አባላት ቀጣዩን ከመግዛታችሁ በፊት የታደሰ የመድን መታወቂያችሁን ይዛችሁ በቅድሚያ ወደ ጤና ጣቢያችሁ ሂዱ።