ውዳሴ ለቆራጧ መስመር

ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን ደጃፍ፣ ጆንያቸውን በአይሱዙ ጭነው ከማለዳ ወረፋ የያዙ ነጋዴዎች በየበርጩማቸው ተቀምጠው ሲያዛጉ ያየ ሰው ሚዛኑ የተሰበረ ይመስለው ይሆናል። ሚዛኑስ ደኅና ነበር። አንድ ሠራተኛ አቧራ ሊጠርግ ባዶውን ሳህን ከፍ ቢያደርገው ንባቡ ከዜሮ በታች ወረደ፤ የሚዛኑን ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከሚዛኑ ጋር የሚያነጋግረውን ፕሮግራም) የጻፈው ወጣት ደግሞ ክብደት ከዜሮ በታች ሊወርድ ከቶ አይችልም ብሎ ስላመነ፣ የኮምፒውተሩን ሥራ ሁሉ በሚመራው የሊኑክስ እምብርት፣ በከርነሉ ውስጥ፣ አይሆንም የተባለው ሲሆን ሥራውን እዚያው የምትገድለውን «ባግ ኦን» የምትባለውን መስመር አስቀምጦ ነበር። (በግ ብላችሁ እንዳታነቡብኝ፤ በግ እንኳ አንዱ ሲታረድ የቀሩት ሣራቸውን ይግጣሉ።)

እኔ ይህን ቆራጥነት ላመሰግን ተነሥቻለሁ። ልቡ የሚራራ ባለሙያ ቢሆን ኖሮ፣ ቁጥሩ 22 የሆነውን «የተሰጠው ዋጋ ልክ አይደለም» የሚል ስሕተት መልሶ ሥራው እንዲቀጥል ያደርግ ነበር፤ በጣም ከደነገጠም «ዋርን ኦን» ጽፎ ነገሩን በመዝገብ አስፍሮ ያልፍ ነበር። የእኛ ሰው ግን አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚለውን ተረት እንደ መመሪያ ነው የተቀበለው።

ይበልጥ የሚደንቀኝ አሟሟቱ ነው። ባግ ኦን ስትተኩስ ሊኑክስ በተለምዶ የሚገድለው በዚያች ቅጽበት ይሠራ የነበረውን ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ነው፤ ሟቹ ሎክ (ሌላው እንዳይነካበት የያዘውን መቆለፊያ) ይዞ ከነበረ ግን፣ የጎተራውን ቁልፍ በኪሱ እንደያዘ እንደተቀበረ አባወራ፣ ያንን ሎክ የሚሹትን ሁሉ ደጅ አስጠንቶ ይቀራል። በመጋዘኑም መጀመሪያ የመመዘኛው ፕሮግራም፣ ቀጥሎ ደረሰኝ አታሚው፣ በመጨረሻም ማሽኑን ለማጥፋት የተሰጠው ትእዛዝ ራሱ ወረፋ ያዘ። ነገሩ ኢንተራፕት (ከርነሉ ሥራውን አቋርጦ የአንድ መሣሪያን ጥሪ የሚያስተናግድበት ጊዜ) ውስጥ ቢደርስማ ከርነሉ በሙሉ ፓኒክ ያደርጋል፣ ማለትም ማሽኑ ቀጥ ይላል፤ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደገና ይነሣ የሚለው ቅንብር 0 ከሆነ ደግሞ ሰው መጥቶ እስኪያነሣው ተገትሮ ይኖራል። የሞቱ ምክንያትም ዲስክ ላይ ሳይጻፍ አብሮት ሊጠፋ ይችላል፤ ምሥጢር ጠባቂነት ማለት ይህ ነው።

«ልጄ፣ ምን ሆኖ ነው?» አሉ አንድ አዛውንት።

«አባባ፣ ሲስተም የለም» አላቸው ጸሐፊው፣ እንደ ወጉ።

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ይህን ልማድ ለዓመታት ሲቆጣ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የሊኑክስ 4.8 ስሪት በመጨረሻው ሰዓት የገባ ባግ ኦን ይዞ ሲወጣ፣ ያንን ለውጥ በመቀበሉ በአደባባይ ተጸጽቷል። የከርነሉ ጠባቂ ባለሙያዎችም ማሽኑ ይቁም አይቁም የሚለውን ለባለቤቱ ትተውለታል፤ ዳታዬ ከሚበላሽ ማሽኑ ይሙት የሚል «ፓኒክ ኦን ዋርን» የተባለውን ቅንብር ራሱ ያበራዋል። (ሜሞሪው በእርግጥ ከተበላሸ እኔም አበራዋለሁ፤ ግን የተነሣ ሳህን ሜሞሪ አያበላሽም።) የእኛ ጀግና ግን ባለቤት የሚባል ሰው መኖሩን የሰማ አይመስልም።

በማግስቱ ወጣቱ መጥቶ ስሕተቱን አረመ። ንባቡ ከዜሮ በታች ሲሆን ብቻ ትተኩስ የነበረችው መስመር፣ ለጥንቃቄ ሲባል፣ አሁን ዜሮ ሲሆንም ትተኩሳለች፤ ስለዚህ መጋዘኑ በየማለዳው ማሽኑን ከማስነሣቱ በፊት ሳህኑ ላይ አንድ ጆንያ ቡና ያስቀምጣል።