ወንድም በሕግ አምላክ

እንግሊዝኛ ለንግድም ለኮምፒውተርም ቃል አይቸግረውም። ዘመድ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይታሰራል። የእናት ወንድም ‘አንክል’፣ የአባት ወንድም ‘አንክል’፣ የአክስት ባልም ያው ‘አንክል’ ነው። እኛም ለሁለቱ አጎት ስለምንል እዚህ ላይ ብዙ አንኩራራ።

‘ከዝን’ ይባስ፤ የአጎትም የአክስትም ልጅ ያው ‘ከዝን’ ነው። ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ትናንት ማታ ከማን ጋር እንዳመሸ የተጠየቀ ባል በእንግሊዝኛ ‘ከዝኔ መጥቶ’ም ‘ከዝኔ መጥታ’ም ሳይል ‘ከዝን’ ብሎ ብቻ ማለፍ ይችላል። በአማርኛ ይሞክራት እስቲ! ግሡ ራሱ ያጋልጠዋል።

የአክስትህ ልጅ ስትወልድ ደግሞ ልጇ ‘ፈርስት ከዝን ዋንስ ሪሙቭድ’ ትሆንልሃለች። ቃል በቃል ከሄድክ አንዴ የተወገደች ማለት ነው። ከሥልጣን ይሁን ከውርስ አልተጻፈም። እነሱ ግን የአንድ ትውልድ ልዩነት አለ ማለታቸው ነው፤ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች አይሉህም። ስለዚህ የእናትህ የአጎት ልጅም ላንተ ያው ‘ዋንስ ሪሙቭድ’ ናቸው። ከዘራ የያዙ አዛውንትና ገና ጥርስ ያላበቀለች ሕፃን እኩል ተወግደው ቁጭ!

የሚገርመኝ ግን ‘ብራዘር ኢን ሎው’ ነው። የሚስት ወንድም፣ የባል ወንድም፣ የእህት ባል፤ ዋርሳ፣ አማች ብሎ መለየት የለም፣ ሁሉም ‘ወንድም በሕግ’ ነው። ሰውየው ገና ደጃፍ ላይ ሳለ ‘በሕግ አምላክ!’ ብለው ያስቆሙት ነው የሚመስለው። ሕጉ የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ሕግ ነበር። በጋብቻ የመጣ ዘመድ እንደ ሥጋ ዘመድ ይቆጠራልና አይጋቡም ለማለት ነው። ቀልድ እንዳይመስልህ፤ በእንግሊዝ አገር ሚስቱ የሞተችበት ሰው የሚስቱን እህት እንዲያገባ የተፈቀደለት እ.ኤ.አ. በ1907 ነው።

እንግሊዝኛ ዘመድ ላይ የቆጠበውን ግን ወዳጅነት ላይ ይበትነዋል። የለንደን ጠበቃ ፍርድ ቤት ቆሞ ተቃራኒውን ጠበቃ ‘ማይ ለርንድ ፍሬንድ’ ይለዋል። የተማረው ወዳጄ እንደማለት። ቀጥሎ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ወዳጁን አፈር ድሜ ያስግጠዋል። ፓርላማቸው ውስጥ ደግሞ ‘ኦነረብል ፍሬንድ’፣ የተከበረው ወዳጄ፣ የሚባለው የራስ ፓርቲ ሰው ነው። ወንበር ሊነጥቅህ የሚያደባውም ብዙ ጊዜ እሱው ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ‘ሜት’ ለጓደኛም፣ ለማያውቁት ሰውም፣ ሊሰድቡት ለተዘጋጁትም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካንቤራ የሚገኘው ፓርላማ ጥበቃዎች ሰውን ‘ሜት’ ብለው እንዳይጠሩ ታዘዙ። አገር ምድሩ ተንጫጫ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሳይቀሩ ነገሩ አልዋጥ አላቸው። ትእዛዙ ወዲያው ተነሣ።

የኛ ሰፈር ልጆች ደግሞ ‘ብሮ’ን ይዘዋል። ‘ብሮ እንዴት ነው?’ ሲሉህ ሰላም ነው። ‘ስማ ብሮ’ ሲሉህ ግን ጫማህን አጥብቀህ እሰር። እዚያም እዚህም ያው ነው፤ ወንድምነት በመሐል ብልጭ የምትለው ቡጢ ሊሰነዘር ሲል ነው።

ፌስቡክ የጓደኛን ቁጥር 5,000 ላይ ገድቦልናል፤ እግዜር ይስጠው። ‘አንፍሬንድ’ (ከጓደኝነት መሰረዝ) የሚለውን ግሥም የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2009 የዓመቱ ቃል ብሎ ሸለመው። ድሮ ሰው ጓደኛውን ሲተው መኳረፍ ነበረ፣ ሽማግሌ ነበረ። አሁን አንድ ጣት ይበቃል።

‘ከምፓኒየን’ ያሳዝነኛል። ከላቲኑ ሲመዘዝ አብሮ ዳቦ የሚቆርስ ማለት ነው፤ የኛው ባልንጀራ በሉት። ከዚያው ሥር ‘ካምፓኒ’ም በቀለና ዳቦው ካምፓኒው ጋ ቀረ።

ፍቅርም ወደ ንግዱ ሰፈር ሳይሄድ አልቀረም። ሱቅ አብሮ የከፈተም ‘ፓርትነር’፣ ዳንስ አብሮ የሚደንስም ‘ፓርትነር’፣ አልጋ የተጋራም ‘ፓርትነር’ ነው። ሰው ‘ከፓርትነሬ ጋር ተጣላን’ ሲልህ አይዞህ ለማለት አትቸኩል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሽማግሌ ይሁን ኦዲተር ጠይቀው።