ይድረስ ለአቶ ድብርት፦ እኔ ያቆምኩት ሲጋራ ነው፣ መኖር አይደለም

ለተከበሩ አቶ ድብርት
ባሉበት (ማለትም ትከሻዬ ላይ)

ጉዳዩ፦ ቤት እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ "ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ" ይላል፣ እኔ ግን እንዲናፍቁኝ አንድ ቀን እንኳን ዞር ብለውልኝ ስለማያውቁ "ከመኖርዎ በስተቀር ደህና ነኝ" ብዬ ልጀምር።

ሲጋራ ካቆምኩ ዛሬ 17ኛ ቀኔ ነው። እስከ መጨረሻው አንቱ ልልዎት አስቤ ነበር፣ ግን አብሮኝ የሚተኛ፣ ከኔ ቀድሞ የሚነሳ፣ ሽንት ቤት ድረስ ተከትሎኝ የሚገባን ነገር አንቱ ማለት ከበደኝ፣ ስለዚህ ይቅርታ አርግልኝና አንተ ልበልህ። ወንድምህ መጫጫንም እዚሁ ጎንህ ስላለ አብራችሁ አንብቡት፣ ለሱ ለብቻው እንዳልጽፍለት ሁለት ደብዳቤ የሚያጽፍ አቅም የለኝም፣ የጨረሰብኝ ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

የዛሬ ጠዋቱን ታስታውሳለህ አይደል? አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ የግራ እግሬን ካልሲ አጠለቅኩ፣ በቃ፣ እዛ ላይ ቆመ። የቀኟን በእጄ ይዤ አውራ ጣት ጋ የሳሳችውን ቦታ፣ ልትበጠስ አንድ ክር የቀራትን፣ እያየሁ 40 ደቂቃ ተቀመጥኩ። እያሰብኩ ነበር እንዳልል ምንም አላሰብኩም፣ አዝኜ ነበር እንዳልል ሀዘን እንኳን ትንሽ ጉልበት ይጠይቃል፣ የሆነ ሰው በሌሊት ገብቶ ውስጤ ያለውን መብራት ቀንሶት የሄደ ነው ሚመስለው። ከዛ ካልሲዋ ከእጄ አምልጣ ወደቀች፣ እኔም "ወደቀች" አልኩ፣ የጠዋቱ ትልቁ ስራዬ እሱ ነበር። በመጨረሻ ባንድ እግር ካልሲ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ማንም አላወቀብኝም፣ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ፣ አሁን ደግሞ ይሄን የሚያነብ ሁሉ።

ትላንት ደሞ በሳሙና ማስታወቂያ አስለቀስከኝ። የልጁ ሸሚዝ ቆሸሸ፣ ታጠበ፣ ነጣ፣ እናትየው ደስ አላት፣ እኔ እምባዬ ዱብ ዱብ። ኧረ ሼም ነው! የትልቅ ሰው እምባ እኮ ለዚህ አይደለም የተቀመጠው።

በጣም ሚያናድደኝ ምን መሰለህ፣ ስላንተ ማንም አልነገረኝም። ሲጋራ ላቆም ነው ስትል ሰው ሁሉ የሚያወራህ ስለ ሳንባህ ነው። በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምትህ ረገብ ይላል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የጭሱ መርዛማ ጋዝ በአንድ ሁለት ቀን ከደምህ ይጸዳል፣ ሽታና ጣዕም ይመለስልሃል። እውነታቸውን ነው፣ ሁሉም ሆኗል፣ አሁን ደሙ የጸዳ በደንብ የሚያሸት ሬሳ ሆኛለሁ። ስለ ንዴቱም ቢሆን አስጠንቅቀውኝ ነበር፣ እሱ 2ኛውና 3ኛው ቀን ላይ ጣራ ነክቶ፣ በር አስወርውሮኝ፣ ከሰው ሁሉ አጣልቶኝ ቀዝቀዝ አለ። አንተ ግን ጨዋ ነኝ ባይ ነህ፣ ግርግሩ እስኪበርድ ጠብቀህ ወንበርህን ስበህ ቀስ ብለህ ተቀመጥክ።

የዘር ሐረግህንም አጣርቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1560 ሊዝበን ላይ የፈረንሳይ አምባሳደር የነበረ ዣን ኒኮ የሚባል ሰውዬ ትምባሆን "መድኃኒት ነው" ብሎ ለሀገሩ ቤተ መንግስት ላከ፣ ኒኮቲን የሚለው፣ የሲጋራው ሱስ አስያዥ ነገር ስም የመጣው ከሱ ነው። የዲፕሎማት ዘር ስለሆንክ ነው መሰለኝ የሚያስወጣህ የጠፋው።

አሁን ሂሳብ እንተሳሰብ። በቀን 20 ሲጋራ፣ አንዱን 10 ጊዜ ማግ ባደርገው 200፣ በዓመት 73,000፣ በ14 ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። እያንዳንዷ ማግ ጭንቅላቴ ጋ ለመድረስ 10፣ ግፋ ቢል 20 ሰከንድ ነው የሚፈጅባት፣ ስትደርስ ዶፓሚን የሚባለውን የሽልማት ኬሚካል ፈሰስ ታረገዋለች። እስቲ ንገረኝ ሚሊዮን ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ ሽልማት የለመደ ጭንቅላት "ከዛሬ ጀምሮ ራስህን ቻል" ሲባል ምን ይሁን? ደሞ ጭንቅላት ውስጥ ኒኮቲንን የሚቀበሉት መቀበያዎች በየቀኑ ሲጫንባቸው ቁጥራቸው ይበዛል፣ ጎጆ ውስጥ እንዳሉ የወፍ ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው እኔን እኔን ይላሉ። እናትየዋን አባረርኳት፣ ጫጩቶቹ ግን አሉ። ቁጥራቸው ወደማያጨስ ሰው ልክ የሚመለሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዛ ላይ ጭሱ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የሚባለውን፣ ዶፓሚንን እየሰባበረ የሚያጸዳ ኢንዛይም፣ ስራ አስፈትቶት ነው የኖረው፣ ጭሱ ሲቀር ሰውዬው ከረጅም እረፍት እንደተመለሰ ሰራተኛ እጅጌውን ሰብስቦ መጣና ያለችኝን ጥቂት ደስታ ጠራርጎ ይዟት ሄደ።

እና ይሄን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ፣ አንተም እንደገባኝ እወቅ። አዲስ እንግዳ መስለኸኝ ነበር እኮ! ለካ 14 ዓመት አብረን ነው የኖርነው። ኒኮቲን በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ነው ሚሄደው፣ ማለትም አንዱን አጥፍቼ ብዙ ሳልቆይ አንተ ብቅ ትላለህ፣ እኔ ደግሞ ሌላ እለኩሳለሁ፣ አፍህን በጭስ እደፍንልሃለሁ፣ ትተኛለህ፣ ትነቃለህ፣ እለኩሳለሁ። ይሄንን ነው "ሲጋራ ያረጋጋኛል" እያልኩ ለሰው ሳወራ የኖርኩት፣ የጠዋቷ የመጀመሪያዋ ሲጋራ የምትጣፍጠውም ሌሊቱን ሙሉ ስላራበችኝ ነው። አራጣ አበዳሪ ነበር በቃ፣ ደስታዬን ከኪሴ ወስዶ መልሶ ለኔው በወለድ ሚያበድረኝ፣ እኔ ደግሞ ውለታው ከብዶኝ ወጥቼ በዝናብ ቆሜ አመሰግነው ነበር።

ወንድምህን መጫጫንን ልዋጋው ብዬ የሰራሁትን ጅልነት ደሞ ስማ። ደከመኝ፣ ቡና ጨመርኩ። ባሰብኝ፣ ደገምኩ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይኔ ፈጦ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ልቤ እየመታ፣ ሰውነቴ ግን እንደ እርጥብ ጋቢ ከብዶኝ ጣራ እያየሁ ነው። ለካስ በጭሱ ውስጥ ያሉ ነገሮች ጉበትን የቡናውን ካፌይን ቶሎ ቶሎ እንዲያቃጥል ያረጉት ነበር፣ ጭሱ ሲቀር ካፌይኑ ሰውነት ውስጥ ይከርማል። የለመድኩት ሁለት ሲኒ አሁን እንደ አራት ሆኖ ነው ሚደርሰኝ። ይሄን የሚያህል ነገር ማንም አይነግርህም እኮ፣ "ጠንካራ ሁን" ብቻ! በግማሽ ቀነስኩት፣ ትንሽ ተሻለኝ፣ ቢያንስ አሁን የሚደክመኝ ተኝቼ ነው። ሲያልቅልኝ ደግሞ በህልሜ አጨስኩ፣ በደንብ አጣጥሜ፣ ከዛ "ወይኔ ሁለት ሳምንቴን በላሁት" ብዬ እየተጸጸትኩ ነቃሁ። ያልበላሁትን ዕዳ ታስከፍለኛለህ።

ስለ እረፍት ልንገርህ፣ ምክንያቱም ይሄ ሚስጥርህ ነው። በፊት በቀን 20 ጊዜ ከወንበሬ ተነስቼ እወጣ ነበር፣ ሰማይ አያለሁ፣ በረጅሙ ስቤ በረጅሙ አስወጣለሁ፣ ከሰው ጋ ሁለት ቃል እለዋወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ሲጋራውን ሳቆም ሀያውንም አቆምኩት። ጭሱን ብቻ መጣል ሲገባኝ አየሩንም፣ ሰማዩንም፣ ወሬውንም አብሬ ጣልኩት፣ ከዛ ለምን ይጫጫነኛል ብዬ እገረማለሁ። አሁን ሆን ብዬ ባዶ እጄን መውጣት ጀምሬያለሁ። ችግሩ፣ ሲጋራ ይዞ አጥር ተደግፎ የቆመን ሰው ማንም ምንም አይለውም፣ ባዶ እጁን የቆመውን ግን "ምን ሆነህ ነው? ሰላም ነው? ቤተሰብ ደህና?" ይሉታል። አንዴ ስብሰባ ላይ እስኪርቢቶዬን በሁለት ጣት መሀል ይዤ ጠረጴዛ ላይ አመዱን ሳራግፍ ደረስኩበት። አጠገቤ የነበረው ልጅ አየኝ፣ ምንም አላለም፣ ወረቀቱን ብቻ ትንሽ ራቅ አረገ።

ያንተ ቃል አቀባዮች ደግሞ በየቦታው አሉ። "ፊትህ ጠቁሯል፣ ስታጨስ እኮ ትሻል ነበር" የሚል ወዳጅ አለኝ፣ ከኪሱ አውጥቶ "አንዷ ምን ታረጋለች" ይለኛል። ሚገርምህ ግን ውሸቱን አይደለም፣ አንዷን ባጨስ ለአምስት ደቂቃ ያህል በእርግጥም ትጠፋለህ። ከዛ ጫጩቶቹን ሰብስበህ ከነጓዝህ ትመለሳለህ፣ እኔም አንድ ብዬ ቀን መቁጠር እጀምራለሁ። የ17 ቀን ኪራይ ከፍዬ ውል አላድስልህም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2014 ቢኤምጄ የሚባለው የህክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ 26 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ስራ አለ። ካቆሙ በኋላ ቢያንስ ከ6 ሳምንት ወዲያ የታዩት ሰዎች ማጨስ ከቀጠሉት ጋር ሲነጻጸሩ ድብርታቸውም፣ ጭንቀታቸውም፣ ውጥረታቸውም ቀንሶ ነው የተገኘው። 6 ሳምንት 42 ቀን ነው፣ 17ቱን በልተሃል፣ 25 ቀን ቀረህ። ይሄ የቤት ልቀቅ ማስጠንቀቂያ ነው። እርግጥ በ42ኛው ቀን ጠዋት ሻንጣህን ይዘህ በር ላይ ትቆማለህ ብዬ አልሞኝም፣ አንተን አውቅሃለሁ፣ አንድ ጫማ ረሳሁ ብለህ ትመለሳለህ። እስከዛው ግን በየቀኑ 10 ደቂቃ በእግሬ እየጎተትኩህ እወጣለሁ፣ ፀሐይ ላይ፣ አንተ ፀሐይ እንደማትወድ ገብቶኛል፣ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ታጉረመርማለህ፣ ከዛ ዝም ትላለህ። ካልተቻለም የኒኮቲን ፕላስተርም ማስቲካም አለ፣ ጫጩቶቹን በማንኪያ እየቀነስኩ አስተዋቸዋለሁ፣ እሱም ወግ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልቀልድ ልበልህ። ድባቴ የሚባል ትልቅ ወንድም እንዳለህ አውቃለሁ። አንተ ትመጣለህ ትሄዳለህ፣ ጠዋት ከፍተህ ማታ ለቀቅ ታረገኛለህ። እሱ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ሳይነቃነቅ ከተቀመጠ፣ ምንም ነገር ደስ አልል ካለኝ፣ "ባልኖርስ" የሚል ወሬ ማውራት ከጀመረ፣ ለሱ ደብዳቤ አልጽፍለትም፣ በቀጥታ ሐኪም ጋ ነው ምሄደው፣ "ሲጋራ ስላቆምኩ ነው ይለቀኛል" ብዬም አልደብቀውም። ከዚህ በፊት እሱ የጎበኘው ሰው ደግሞ ገና ሲጋራውን ሊያቆም ሲያስብ ለሐኪሙ ቢናገር ጥሩ ነው። መልዕክቱን አድርስልኝ።

በተረፈ ለአጸፋ መልስህ አትቸኩል፣ ማንበብ ይደክመኛል።

ከሰላምታ ጋር
የ14 ዓመት አከራይህ

ግልባጭ፦ ለመጫጫን (ሶፋዬ ላይ)፣ ለንዴት (በ3ኛው ቀን ለለቀቀው፣ አርአያነቱ ተመስግኖ)፣ አንዷ ምን ታረጋለች ለሚለው ወዳጄ።

የረሳሁት፦ የቀኟን ካልሲ አይቻታለሁ፣ አልጋ ስር ገብታለች። ማን ጎንበስ ብሎ ያወጣታል።