ከለቅሶ ቤቱ አንድ ሰው ስልክ ይደውል

አሜሪካ ብንኖርም ለቅሶ መድረስ አልረሳንም። ዕድሩ ገንዘብ ያሰባስባል፣ ምግቡ በየተራ ይመጣል፣ ሐዘንተኛዋ አርባው እስኪወጣ ብቻዋን አታድርም። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ግን «ለልጆችሽ ሶሻል ሴኩሪቲ አመልክተሻል ወይ?» ብሎ የሚጠይቃት አይገኝም። ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ስለ ገንዘብ ማንሳት ነውር ሆኖብን ዝም እንላለን።

ሶሻል ሴኩሪቲ የአሜሪካ መንግሥት የጡረታ ዋስትና ነው፤ ሠራተኛ ሲሞት ለቤተሰቡም አበል ይከፍላል። ገንዘቡ እኮ የሟቹ ላብ ነው። ተቀጣሪ ከነበረ ከደመወዙ 6.2 በመቶ ይቆረጥበት ነበር፣ ቀጣሪውም ያንኑ ያህል ይጨምር ነበር። የራሱን ታክሲ የሚያሽከረክር ከነበረ ሁለቱንም ድርሻ የሚከፍለው እርሱ ነው።

ብዙ ጊዜ የምሰማው «ገና መምጣቱ ነበር፣ ለጡረታ የሚጠየቀውን አሥር ዓመት አልሠራም» የሚል ተስፋ መቁረጥ ነው። ሰውየው ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ውስጥ የአንድ ዓመት ተኩል የሥራ ነጥብ (ይህ መዋጮ ከተከፈለበት ገቢ የሚመዘገብ ነው) ካስመዘገበ፣ ልጆቹና እነርሱን የምታሳድገው ሚስቱ አበል ሊያገኙ ይችላሉ። ለአንድ ልጅ እስከ 75 በመቶ የሚሆነው የአባቱ መሠረታዊ ጡረታ 18 ዓመት እስኪሞላው፣ ሁለተኛ ደረጃ እየተማረ ከሆነም እስከ 19 ይከፈለዋል፤ ለቤተሰቡ በጠቅላላ የሚከፈለው ግን ጣሪያ አለው። እናትየው ልጁ 16 እስኪሆነው የራሷ ድርሻ አላት። «255 ዶላር ሰጥተው ይሸኙሻል» የሚባለው አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ሌላ ገንዘብ ነው።

ቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ሞቱን ለሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ስላሳወቀ ሁሉም ያለቀ የሚመስላቸውም አሉ። ማሳወቅ ሌላ፣ ማመልከት ሌላ ነው። የልጆች አበል ወደ ኋላ ተመልሶ የሚታሰበው ቢበዛ ለስድስት ወር ነው፤ ከዚያ በላይ የዘገየው ቀርቷል። ስለዚህ ሰነድ አልተሟላም ተብሎ ማመልከቻው መቆየት የለበትም፤ የጎደለው በኋላ ይቀርባል። በተለይ የእኛ ሚስቶች በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ ጋብቻው ከስማቸው አይታወቅም፤ የጋብቻ ወረቀቱ ደግሞ ከአገር ቤት እስኪመጣ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

አንድ ለቅሶ ቤት ያየሁትን አልረሳውም። የ11 ዓመት ልጅ ስልኩን ይዛ ታስተረጉማለች። «እማዬ፣ አባዬ የሞተበትን ቀን ንገሪኝ ይላሉ» አለች። እናቷ መናገር አቃታት፣ ልጅቷም አብራ አለቀሰች፣ ስልኩ ተዘጋ። እንደገና የተደወለው ከአራት ወር በኋላ ነበር። «አማርኛ» ብሎ ለጠየቀ ሰው መሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ በነፃ እንደሚያቀርብ እዚያ ከተቀመጥነው አንዳችንም አናውቅም ነበር፤ እኔም ጭምር።

ዕድሮቻችን ገንዘብ ያዥ እንደሚመርጡ ሁሉ፣ ለዚህ ጉዳይም አንድ ሰው ይመድቡ። በሠልስቱ ማግስት ከሐዘንተኛዋ ጎን ተቀምጦ 1-800-772-1213 ይደውል፣ በአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቅ፣ ቀጠሮ ይያዝላት። ልጅቷ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ትሁን።