ለጌም ተጫዋች ከፓኬጅ ይልቅ ኬብል ይሻለዋል
«ጎበዝ ሠራተኛን የቤት ኢንተርኔቱን ፍጥነት አሳድጋችሁ ሸልሙት» የሚለው ምክር ለፊልም ወዳድ ይሠራል፤ ኦንላይን ጌም ለሚጫወት ግን ትርፉ ትንሽ ነው። ጌሙን የሚያንቀራፍፈው ፒንጉ (መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) እንጂ ሜጋቢቱ (የፓኬጁ ፍጥነት) አይደለም። ሰርቨሩ አውሮፓ ከሆነ፣ ከባሕር ዳር የሚሄደው ፋይበር በየ1000 ኪሎ ሜትሩ ደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበላል፤ ይህን የትኛውም ፓኬጅ አይቀንሰውም። የሚስተካከለው ቤት ውስጥ ያለው ነው። መጀመሪያ በዋይፋይ ሆናችሁ ራሱን ራውተሩን (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው) ፒንግ አድርጉት። 2፣ 3 ሚሊሰከንድ እያለ ቆይቶ ድንገት 80 ከገባ ጥፋቱ የመስመሩ ሳይሆን የዋይፋዩ ነው፤ ብዙ ጊዜ 2.4 ጊጋኸርዙ (አንዱ የዋይፋይ ሞገድ) በጎረቤት ዋይፋይ ተጨናንቆ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይማ አይጣል! 5 ጊጋኸርዝ ይሻላል፣ ግን የብሎኬት ግድግዳ ያደክመዋል። ከሁሉም የሚሻለው ራውተሩንና መጫወቻውን በኬብል ማገናኘት ነው፤ ካት 6 የሚባለው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ራውተሩ እንዳይጠፋ ደግሞ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ) ጨምሩለት፤ ራውተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳታዩ እንዳትገዙ።