ዐሥሩ መቅሠፍቶች መውጫ ነበራቸው

መዝሙረ ዳዊት 135 (በዕብራይስጡ አቆጣጠር 136) 26 ቍጥሮች አሉት፤ ሁሉም «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» በሚለው ያርፋሉ። ሰማያትን በጥበብ የሠራ፣ ፀሐይን ለቀን ያሠለጠነ እያለ ሲወርድ ይቆይና 10ኛው ላይ የግብፅን በኵር የመታ ይላል፤ ያው ማሳረጊያም ይከተላል። በዜማ የለመደው ጆሮ ሳይደናቀፍ ያልፈዋል። ቆም ብሎ ላነበበው ግን ከባድ ነው፤ የልጅ ሞትና ምሕረት እንዴት በአንድ ትንፋሽ ይጠራሉ?

የተለመደው መልስ ምሕረቱ ለእስራኤል፣ ፍርዱ ለግብፅ የሚል ነው። ይህ ግማሽ መልስ ነው። ኦሪት ዘፀአትን ከምዕራፍ 7 እስከ 12 በጥሞና ያነበበ ሰው ምሕረቱ ግብፃውያንንም ሲፈልግ ያገኘዋል፤ ያውም ከፍርዱ በኋላ ሳይሆን በራሱ በፍርዱ አካሄድ ውስጥ። ዛሬ በየአጋጣሚው «መቅሠፍት ነው» የምንል ሰዎች የዘነጋነው ይህንን ይመስለኛል።

አካሄዱን እንመልከት። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ መቅሠፍቶች ሦስት ሦስት ሆነው ይመጣሉ። በ1ኛው፣ በ4ኛውና በ7ኛው ሙሴ በማለዳ ፈርዖን ፊት ይቆማል፤ በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ8ኛው ወደ ቤተ መንግሥቱ ይገባል። 3ኛው፣ 6ኛውና 9ኛው ብቻ ያለማስጠንቀቂያ ይወርዳሉ። የበኵሩ ሞትም በምዕራፍ 11 አስቀድሞ ተነግሯል። ከዐሥሩ ሰባቱ ማስጠንቀቂያ አላቸው ማለት ነው፤ በዝንቡ፣ በከብቱ ቸነፈር፣ በበረዶውና በአንበጣው ደግሞ ቀኑ ሳይቀር ተቆርጦለታል፦ ነገ። ለማጥፋት ብቻ የተነሣ ኃይል ለተቃዋሚው ቀጠሮ አይሰጥም።

ከሁሉም ግልጹ በረዶው ነው (9፥13-35)። በመጀመሪያ እግዚአብሔር ለፈርዖን የሚነግረው ያላደረገውን ነው፤ እጄን ዘርግቼ አንተንም ሕዝብህንም በቸነፈር በመታሁ፣ ከምድርም በጠፋህ ነበር ይለዋል። ቀጥሎ ሰዓቱን ይነግረዋል፦ ነገ በዚህ ጊዜ። ከዚያም ማንም ያልጠየቀውን ምክር ይጨምራል፤ በሜዳ ያሉትን ከብቶችህንና ሰዎችህን ላክና ወደ ቤት አስገባ። በረዶውን የሚያወርደው ራሱ ከበረዶው መሸሸጊያውን ያመለክታል። ቍጥር 20 ላይ ከፈርዖን ሹማምንት መካከል ቃሉን የፈሩት አገልጋዮቻቸውንና ከብቶቻቸውን ወደ ቤት ሰበሰቡ። እነዚህ እስራኤላውያን አይደሉም፤ የተጠየቁትም እምነታቸውን እንዲቀይሩ ሳይሆን ከብት ከጣራ በታች እንዲያስገቡ ነበር። ይህን ያደረገ ከብቱ ተረፈለት። (በ5ኛው መቅሠፍት የግብፅ ከብት ሁሉ ካለቀ የምን ከብት ነው የሚገባው? የሚል ይኖራል። 9፥3 ቸነፈሩ የሚወርደው በሜዳ ባሉት ላይ እንደ ሆነ ይናገራል።)

እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ገበሬ የሚያስተውላት ማስታወሻ አለች። ገብሱ አሽቶ፣ ተልባው አብቦ ስለ ነበር ተመቱ፤ ስንዴውና ሌላው ዘግይቶ የሚደርሰው እህል ግን አልተመታም። በግብፅ ገብስ ከስንዴ ሳምንታት ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ከበረዶው በኋላ የአገሪቱ የዳቦ እህል ገና መሬት ውስጥ ነበር፤ ፈርዖን በዚያ ቀን ቢለቅ ሕዝቡ ዓመቱን ስንዴ በልቶ ይወጣው ነበር። አንበጣው የመጣው ይህን የተረፈውን ሊበላ ነው (10፥5)። የንጉሡ እልህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ስሌት አላውቅም።

ፈርዖን ልቡን ያደነደነው መቼ ነው? ብዙ ሰው በመከራው መካከል ይመስለዋል። መጽሐፉ ግን ተቃራኒውን ይላል። ጓጕንቸሮቹ ከሞቱለት በኋላ፣ ጸጥታ እንደ ሆነ ባየ ጊዜ አደነደነ (8፥15)። ዝንቡ ሲነሣለት አደነደነ (8፥32)። ዝናሙና ነጐድጓዱ ሲያቆም አደነደነ (9፥34)። ስለ ጓጕንቸሮቹ ሙሴ መቼ ልጸልይልህ ብሎ ምርጫውን ሲሰጠው መልሱ «ነገ» ነበር፤ መኝታው ድረስ የገባውን ጓጕንቸር አንድ ሌሊት ታግሦ ለማደር የመረጠበትን ምክንያት መጽሐፉ አይነግረንም። ፈርዖን አራት ጊዜ ጸልዩልኝ አለ፤ ሙሴ አራት ጊዜ ጸለየ፤ አራት ጊዜም ተሰማለት። ምሕረቱ ሳይቋረጥ ተሰጠ፤ የከሸፈው በተቀባዩ እጅ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ክርክር መሸሽ አይገባም፤ እግዚአብሔር ራሱ ልቡን አጸናው ይላልና። ይህ ግን የተባለበትን ቦታ ማየት ይጠቅማል። አስቀድሞ በ4፥21 እና በ7፥3 እንደሚያጸናው ተነግሯል፤ እግዚአብሔር አጸናው ተብሎ እንደ ተፈጸመ ነገር የሚነበበው ግን መጀመሪያ በ9፥12፣ ከ6ኛው መቅሠፍት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ወይ ልቡ ጸና፣ ወይ ራሱ አደነደነ ነው የሚለው። ይህ ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም፤ ቅዱስ ጳውሎስም በሮሜ 9 ከዚሁ ታሪክ ጋር ሲታገል እናያለን። ሆኖም የበረዶው ምክር የተሰጠው ከ9፥12 በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። ንጉሡ ቢዘጋም ለሹማምንቱ ያለው በር ክፍት ነበር፤ በ10፥7 እነርሱው ግብፅ እንደ ጠፋች ገና አላወቅህምን ብለው ጌታቸውን ሲወቅሱ እንሰማለን።

ከዐሥሩ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ምዕራፍ 11 ከፈርዖን በኵር ጀምሮ ከወፍጮ በስተ ኋላ እስካለችው ባሪያ በኵር ድረስ ይላል። ያቺ ባሪያ ማንን በደለች? የእስራኤልን ወንድ ልጆች ወደ ወንዝ ጣሉ የሚለው ትእዛዝ ለሕዝቡ ሁሉ የተሰጠ እንደ ነበር (1፥22) እናስታውሳለን፤ በቤተ ክርስቲያናችን ቀኖና ያለው መጽሐፈ ኩፋሌም በምዕራፍ 48 የግብፃውያንን ጥፋት በቀጥታ ወደ ወንዝ ከተጣሉት ሕፃናት ጋር ያያይዘዋል። ይህ የፍርዱን ምክንያት ያሳያል እንጂ የወፍጮዋን ሴት አያካትትም። ኦሪት ዘፀአት ስለ እርሷ ማብራሪያ አልሰጠም፤ በመድረክ ላይ ማብራሪያ የሚፈጥርላት ሰባኪ ከራሱ ይጨምራል። የምናውቀው በጉ በወሩ በ10ኛው ቀን ተመርጦ እስከ 14ኛው እንደ ተጠበቀ፣ ደሙ በሂሶጵ በሁለቱ መቃኖችና በጕበኑ እንደ ተቀባ፣ በዚያችም ሌሊት ብዙ ድብልቅ ሕዝብ ከእስራኤል ጋር እንደ ወጣ ነው (12፥38)። ፋሲካውን ማድረግ ለሚፈልግ መጻተኛም በግዝረት መንገዱ ተከፈተለት፤ ለአገር ተወላጅና ለእንግዳ አንድ ሕግ ተባለ (12፥48-49)።

መጽሐፈ ጥበብ ይህን ሁሉ ሲያሰላስል በምዕራፍ 11 ደፋር ነገር ይናገራል፤ በግብፃውያን ላይ ድብ ወይም አንበሳ መስደድ ይችል ነበር፣ ነገር ግን ሁሉን በመጠን፣ በቍጥርና በሚዛን ሠራ፤ ሁሉን ስለሚችልም ሁሉን ይምራል። ምሕረቱን ከድካም ሳይሆን ከኃይል ያመነጨዋል።

አሁን ወደ ራሳችን። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ወሎና ራያን ጨምሮ በብዙ አካባቢ ማሽላና ጤፍ ሲያወድም በየመድረኩ የፈርዖን አንበጣ ተጠቀሰ። የዚያ መንጋ አነሣሥ ይታወቃል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. በግንቦትና በጥቅምት መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች የዓረብን ባዶ በረሃ አርሰውት አንበጣው ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራባ፤ የየመን ጦርነትም ቁጥጥሩን አሰናከለ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ 80 ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል፤ እያንዳንዱም በቀን የክብደቱን ያህል፣ ሁለት ግራም ገደማ ይበላል። ይህን ማወቅ የእግዚአብሔርን ሥራ መካድ አይደለም፤ የዘፀአቱም አንበጣ በምሥራቅ ነፋስ መጥቶ በምዕራብ ነፋስ ነው የሄደው።

ግን የፈርዖንን ስም የጠራ ሰው የታሪኩን ሕግ ይጠብቅ። ማስጠንቀቂያው ለማን ተሰጠ? የተጠየቀው ምን ነበር? ፈርዖን የተጠየቀው ግልጽ ነገር ነው፤ ባሪያ ያደረግኸውን ሕዝብ ልቀቅ። ማሳው የተበላበት የራያ ገበሬ ማንን ይዞ አልለቅም አለ? ደግሞስ «መቅሠፍት ነው» ያለው ሰው፣ እንደ ሙሴ እጁን ዘርግቶ ይነሣ ዘንድ ጸልዮለታል ወይስ ፈርዶበት ሄዷል? ጌታ በሉቃስ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች ሲጠቅስ፣ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ነበሩ የሚለውን ሐሳብ አይሆንም ብሎ ነው የመለሰው፤ ንስሐውንም የጠየቀው ከሞቱት ሳይሆን ቆመው ከሚሰሙት ነው።

የዓባይ ውዝግብ በጋለ ቁጥር ግብፅን በዐሥሩ መቅሠፍት ማስፈራራት ለሚቀናቸው ደግሞ ንባቡ እዚያ እንደማያበቃ ማሳየት ያስፈልጋል። ኦሪት ዘዳግም 23 በአገሩ እንግዳ ነበርህና ግብፃዊውን አትጸየፍ ይላል፤ ሦስተኛው ትውልዱም ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ ይገባል። ኢሳይያስ 19 እግዚአብሔር ግብፅን ይመታል፣ መትቶም ይፈውሳል ይልና፣ በዘፀአት «ሕዝቤን ልቀቅ» ሲባል ለእስራኤል ብቻ የነበረውን ስም ለግብፅ ይሰጣታል፦ ሕዝቤ ግብፅ የተባረከ ይሁን።