ከዝረራው በፊት ውሉ

በጅማ የቴኳንዶና የኪክቦክሲንግ አዳራሾች የሚሠለጥኑ ወጣቶች ከልምምድ በኋላ በስልክ የሚቀባበሉት ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ የድብልቅ ማርሻል አርት ፍልሚያ ነው። ከሁሉም የሚደጋገመው ደግሞ ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ስቲፔ ሚዮቺችን በሁለተኛው ዙር ዘርሮ የዩ ኤፍ ሲን፣ የስፖርቱን ትልቁን የአሜሪካ ውድድር አዘጋጅ ድርጅት፣ የከባድ ሚዛን ቀበቶ የወሰደበት ነው። በልጅነቱ አሸዋ ሲዝቅ ያደገ፣ በረሃ አቋርጦ ስፔን የታሰረ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ፓሪስ ገብቶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ያደረ ሰው እዚያ መድረሱን ያየ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ልቡ ቢነሣሣ አይፈረድበትም። እኔ ግን ከዚያ ዝረራ ይልቅ፣ ሰውየው በጥር 2023 ሻምፒዮን ሳለ ከድርጅቱ የወጣበት ምክንያት ለጅማ ልጅ የበለጠ ትምህርት አለው እላለሁ።

ወላጆች ይህን ስፖርት የሚቃወሙት በጭካኔው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ዴንቨር ላይ የመጀመሪያው የዩ ኤፍ ሲ ውድድር ሲካሄድ የክብደት ምድብም ሆነ ጓንት የግድ ስላልነበረ ሥጋቱ መሠረት ነበረው። ዛሬ ዳኛ፣ ሐኪም፣ የአምስት ደቂቃ ዙርና በዝርዝር የተጻፈ ክልከላ አለ። አደጋው አልጠፋም፤ ከቦክስ የተለየ አደጋ ነው ብሎ መከራከር ግን ከባድ ነው። ወላጅ አጥብቆ ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነገር ይመስለኛል፤ ይህ ሥራ እንዴት ይከፍላል?

ክፍያው ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግማሹ ወደ ፍልሚያው ለመግባት፣ ግማሹ ለማሸነፍ። በዩ ኤፍ ሲ ለጀማሪ ለረጅም ጊዜ የተለመደው 10 ሺህ ዶላር ለመግባት፣ ካሸነፈ ሌላ 10 ሺህ ዶላር ነበር። በብር ሲመነዘር ያስጎመጃል፤ እዚሁ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። የተሸነፈ ልጅ ከ10 ሺሁ ላይ የአሜሪካ ግብር ይቆረጥበታል፣ ማናጀሩና አሠልጣኙ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፣ ለውድድሩ የተዘጋጀባቸው ወራት ወጪም አለ። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መግባት ደኅና ዕድል ነው፤ ጉልበቱ ከተጎዳ ዓመቱ ባዶ ያልፋል። ተፋላሚው የድርጅቱ ተቀጣሪ ስላልሆነ ደመወዝም ጡረታም የለውም። ይህም እዚያ ለደረሰ ነው፤ ከዚያ በታች ባሉ ትናንሽ ውድድሮች ለትራንስፖርት እንኳ የማይበቃ ክፍያ ይዞ የሚመለስ ብዙ ነው።

ገንዘቡ የት ይሄዳል ለሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤት በከፊል መልስ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የቀድሞ ተፋላሚዎች ዩ ኤፍ ሲ ገበያውን ብቻውን ይዞ ክፍያችንን አሳንሷል ብለው ከሰሱ፤ በክርክሩ የወጡት ሰነዶች የተፋላሚዎቹ ድርሻ ከድርጅቱ ገቢ አንድ አምስተኛ ገደማ ወይም ከዚያ በታች መሆኑን አሳዩ። በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ተጫዋቾች ግማሽ ያህሉን ያገኛሉ። ክሱ በ2025 በ375 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ።

ጅማ ላይ ቡናውን ገና በአበባው ለነጋዴ የሸጠ ገበሬ፣ ምርቱ ሲደርስ ዋጋው ቢያሻቅብ ዞሮ መጠየቅ እንደማይችል ማንም ያውቃል፤ ስም ሳያወጣ የሚፈርም ተፋላሚም እንዲሁ ነው። ውሉ ሌላ ቦታ እንዳይጋጠም ያስረዋል፣ ሻምፒዮን ሲሆን ደግሞ ይራዘማል። ንጋኑ ውሉ እስኪያበቃ ታግሦ፣ የጤና መድን፣ የራሱን ስፖንሰር የመያዝ መብትና ስለ ተፋላሚዎች የሚናገር ተወካይ ጠየቀ፤ ሳይስማሙ ቀሩና ተለያዩ። በዚያው በ2023 ጥቅምት ሪያድ ላይ ከእንግሊዛዊው የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ታይሰን ፉሪ ጋር ቦክስ ገጠመ፣ በሦስተኛው ዙር ጣለው፣ በነጥብ ተሸነፈ፤ ሆኖም በአንድ ምሽት ያገኘው ክፍያ በዩ ኤፍ ሲ ዘመኑ ሁሉ ካገኘው ይበልጣል። ከዩ ኤፍ ሲ ተፎካካሪ ድርጅት ከፒ ኤፍ ኤል ጋር ሲፈርምም ተጋጣሚው ከ2 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ እንዲከፈለው አስገብቷል። ለባላጋራው የተደራደረ ሰው በዚህ ስፖርት ሌላ አላውቅም።

ሌላው በዝምታ የሚታለፈው፣ ወደ ክብደት ምድብ ለመግባት ከውድድር በፊት ክብደት መቀነስ ነው። እዚሁ ከተማ በአንድ አዳራሽ፣ ከሹራቡ ሥር የፕላስቲክ የዝናብ ልብስ የለበሰ ልጅ ምንጣፉን እየዞረ ሲሮጥ አይቻለሁ። ከንፈሩ ደርቆ ነጭ ሆኗል፣ በየዙሩ እየቆመ ምራቁን ወደ ጠርሙስ ይተፋል፤ አሠልጣኙም «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረህ» ይለዋል። አሠልጣኙ ክፋት የለበትም፤ እሱም ከራሱ አሠልጣኝ የተማረው እንደዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ማኒላ ላይ ቻይናዊው ተፋላሚ ያንግ ጂያን ቢንግ በዚሁ መንገድ የሰውነቱን ውኃ ጨርሶ ገና በ21 ዓመቱ ሞተ። ውድድሩን ያዘጋጀው ድርጅት ዋን ቻምፒዮንሺፕ ከዚያ በኋላ ነው ውኃ በማድረቅ ክብደት መቀነስን ከልክሎ ሽንት መመርመር የጀመረው። ምርመራው በሌለበት ከተማ ጥንቃቄው ሁሉ የወደቀው በአሠልጣኙ ላይ ነው።

ታዲያ ስፖርቱ ይቅር ማለቴ አይደለም። ደቡብ አፍሪካዊው ድሪከስ ዱ ፕሌሲ አገሩ ላይ እየሠለጠነ በጥር 2024 የዩ ኤፍ ሲን ቀበቶ ወስዷል፤ ግን ከዚያ በፊት አገሩ ውስጥ ኢ ኤፍ ሲ የሚባል ውድድር ነበረው፣ እዚያም ሻምፒዮን ሆኖ ነው የወጣው። የእኛ ልጆች ደግሞ በእርግጫና በቡጢ ጎበዞች ሆነው ተይዘው መሬት ሲወድቁ የሚያደርጉት ይጠፋቸዋል። ከባህላዊ ትግላችን መነሣት ይቻል ነበር፤ በአዳራሾቹ ግን መሬት ላይ ትግል የሚያስተምር ማግኘት ቀላል አይደለም።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናም የሕግም ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ነው። የአዳራሾቹ አሠልጣኞች ተሰባስበው ሁለት ነገር ቢጠይቁት ብዙ ወጪ አያስወጣም፤ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ መቼ ወደ ልምምድ እንደሚመለስ የሚወስን ሐኪም፣ እና ከውጭ አገር «ማናጀርህ ልሁን» የሚል መልእክት የደረሰው ልጅ ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን የሚያነብለት የሕግ ባለሙያ።